ልጁን ለማትረፍ ውሻውን ማስከተብ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ውሻ ነው። ነገሩ ግን መድረሻው ሰው ነው፤ ከሰውም ልጅ። ትረካዬ ከሩቅ አገር ይነሣል፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ያልፋል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ባሌ ተራራ ይወጣል፣ መጨረሻውም የእያንዳንዳችን በር ነው። ጊዜ ስጡኝና እስከ ፍጻሜው ተከተሉኝ።

ዘመኑ 1877 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዙፋን ላይ ናቸው። ሰኔ 28 ቀን፣ በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር በነበረችው አልዛስ፣ ጆዜፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በመንደር መንገድ ብቻውን ይጓዛል። ድንገት አንድ ውሻ ዘሎ ጣለው። ልጁ ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ፤ ውሻው ግን እጁን፣ እግሩን፣ ጭኑን ዘነጣጠለው። በዚያ ያለፈ ሰው በብረት ዘንግ ባያባርርለት ኖሮ እዚያው በሞተ ነበር። ከልጁ ገላ ላይ 14 ቁስል ተቆጠረ።

ውሻው ወደ ጌታው ተመልሶ ጌታውንም ነከሰ፤ ተገደለም። ሆዱ ሲከፈት ድርቆሽ፣ ጭድና የእንጨት ስብርባሪ ተገኘ። ጤነኛ ውሻ እንጨት አይበላም። ሐኪሙ የልጁን ቁስል በአሲድ ተኮሰው፤ ለእናቲቱም ፓሪስ ውስጥ ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚመራመር ሰው እንዳለ ነገራት። እናት ምን ታደርጋለች? ልጇን ይዛ ተነሣች።

ያ ሰው ሉዊ ፓስተር ነበር። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፤ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በበሽታው የሞቱ ጥንቸሎችን ሰረሰር እያወጣ፣ በጠርሙስ ውስጥ በደረቅ አየር ያንጠለጥለው ነበር። ሰረሰሩ በደረቀ ቁጥር የበሽታው ኃይል እየደከመ ይሄዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መግደል ያቅተዋል። ከደካማው ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ብርቱው እያሳደጉ የሚወጉት እንስሳ በሽታውን ይቋቋማል። ይህን በማን ላይ ሞከረው? በውሾች። ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ ክትባት በመጀመሪያ የተጠቀሙት ውሾች ናቸው። በ50 ውሾች ላይ እንደተሳካለት ራሱ ለሳይንስ ጉባኤ ተናግሯል።

ፓስተር የአገሩን ውሾች ሁሉ መከተብ ቢቻል ሰው ከበሽታው እንደሚድን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ያ ክትባት ለአንድ እንስሳ ብዙ መርፌና ብዙ ጥንቸል ይፈልጋል። ያን ሁሉ ውሻ በዚያ መንገድ መከተብ በዘመኑ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ የተነከሰውን ሰው በሽታው ሳይነሣበት መቅደም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኔ 30 ቀን ማታ እናትና ልጅ ደጁ ደረሱ። ፓስተር ጭንቅ ያዘው። መድኃኒቱ ሰው ላይ ገና አልተፈተነም፤ ልጁ ደግሞ ካልተሞከረለት የሚተርፍ አይመስልም። ሁለት ሐኪሞች አማከረ፤ ሁለቱም «ሞክር» አሉት። እሱ መርፌ የመውጋት ፈቃድ ስለሌለው ከሁለቱ አንዱ፣ ዶክተር ግራንሼ፣ ወጋለት። በ10 ቀናት ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ፤ የመጨረሻው መርፌ ከሁሉ ብርቱው ነበር። ፓስተር በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ልጁ ግን ዳነ! አደገ፣ ጎለመሰ፤ በኋላም በፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆኖ ሠራ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መከር ላይ፣ ሌላ ልጅ መጣ፤ ዣን ባፕቲስት ዡፒይ የተባለ የ15 ዓመት እረኛ። ታናናሽ እረኞች ላይ እብድ ውሻ ሲመጣ ሌሎቹ እንዲሸሹ ራሱን መሐል ጣለ። ውሻው እጁን ቢነክሰውም አፉን ፈልቅቆ እጁን አወጣ፤ በጅራፉ ገመድ አፉን አስሮ በእንጨት ጫማው መትቶ ገደለው። እሱም ተከትቦ ዳነ። ዛሬ በፓሪሱ ኢንስቲትዩት ግቢ ከውሻው ጋር ሲታገል የሚያሳይ ሐውልት ቆሞለታል።

ሦስተኛዋ ግን አልዳነችም። ሉዊዝ ፔልቲዬ ትባላለች፤ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። ጭንቅላቷ ላይ ተነክሳ ወደ ፓስተር የመጣችው ከ37 ቀን በኋላ ነው። ፓስተር እንደዘገየ አውቋል፤ ወላጆቿን እምቢ ማለት ግን አልቻለም። ወጋት። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ሞተች።

አሁን ጠይቁኝ። ያው ክትባት፣ ያው እጅ፤ ማይስተርን አዳነ፣ ሉዊዝን ስለ ምን አላዳነም?

መልሱ በሽታው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። ሲነክስ በቁስሉ በኩል ሥጋ ውስጥ ይገባል። በደም አይሮጥም፤ በአቅራቢያው ያለ ነርቭ ፈልጎ፣ እንደ እግረኛ መንገደኛ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ያዘግማል። ለዚህ ነው የተነከሰ ሰው ሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ምንም ሳይሰማው የሚቆየው። ክትባቱ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ከተቀደመ ሰው ይድናል። እግር ላይ ከተነከሰ ይልቅ ፊትና ጭንቅላት ላይ የተነከሰ ሰው ጊዜው አጭር ነው። ልጆች ደግሞ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ውሻው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፊታቸውን ነው። ቫይረሱ አንጎል ከደረሰ በኋላ ትኩሳቱ፣ የውሃ ፍርሃቱ፣ መቃዠቱ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሐኪም ቢሰበሰብ ማዳን አይችልም ለማለት ይቻላል። የሉዊዝ ቁስል ጭንቅላቷ ላይ ነበር፤ የመጣችውም ዘግይታ ነው። መልሱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንግባ። ማይስተር ከመነከሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የውሾች እብደት ወረርሽኝ እንደተነሣ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ፓስተር ጥንቸሎቹን በሚያጠናበት ጊዜ የእኛም አያቶች ከዚያው ጠላት ጋር ይታገሉ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን በሽታና አያቶቻችን የሞከሩትን ሕክምና ጊዜ ሰጥቶ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903 ደግሞ፣ ገና ወጣት በነበረችው አዲስ አበባ፣ ትልቅ ወረርሽኝ ተነሣ። በኋለኛው ዘመን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ በዚህ በሽታ ጥናት በዓለም የታወቁ ሆኑ።

አያቶቻችን ዝም ብለው አልሞቱም። ሥር ምሰው፣ ቅጠል ቀጥቅጠው፣ ጸበል ተጠምቀው ታግለዋል። ዛሬም ብዙ ሰው ሲነከስ መጀመሪያ የሚሄደው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ነው። እኔ እምነትን አልነካም፤ ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ። ነገር ግን መንገደኛው በነርቭ ላይ እየተጓዘ ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል። ቅጠል ቀጥቅጦ ጠጥቶ የዳነ የሚመስለን ሰው ብዙውን ጊዜ የነከሰው ውሻ ያላበደ ነው። በሽታው የተነሣበት ሰው ግን በቅጠል ሲድን አላየንም። ስለዚህ ከጸበሉም በፊት፣ ከሥራ ሥሩም በፊት፣ እግር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በፓስተር ስም የተጠራ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቦታውን አሁንም «ፓስተር» ነው የሚለው። በዚያ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ይዘጋጅ ነበር። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን የ14 ቀን መርፌ የማያስታውስ የለም። ከገጠር የመጣ አባት ልጁን ይዞ 14 ቀን ከተማ ማደር ነበረበት። ሥራ ይፈታል፣ ከብት ይሸጣል፣ ዘመድ ያስቸግራል። ያ ክትባት ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ምስጋናውን አንነፍገውም። ሆኖም ከነርቭ የሚሠራ ክትባት የራሱ አደጋ ስላለው የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲቀር ሲመክር ኖሯል። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚወጋ፣ በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ ነው። ነገር ግን ውድ ነው፤ በየወረዳው ሁልጊዜ አይገኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ባሌ እንውጣ። ደጋው ላይ፣ ውርጩ በሚነክስበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ታድናለች። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም፤ ቁጥሯም ቢበዛ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ላይ ይኖራሉ። እረኛው ከብቱን ይዞ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ውሻው አልተከተበም። ቀበሮና ውሻ በአንድ ሬሳ ላይ ይገናኛሉ፤ ይናከሳሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እንዲህ የገባው በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ገደለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ባሌ ወብ ሸለቆ ውስጥ ተመልሶ ገባና በሸለቆው ከነበሩት ከየአራቱ ቀበሮ ሦስቱን ገደለ።

በዚህ ጊዜ ግን የዱር እንስሳት ባለሙያዎች አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ያለውን ክትባት ቀበሮ ባለበት ሁሉ መበተን ትተው፣ ከወብ ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች በሚያሻግሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች ብቻ እየያዙ ከተቡ። በሽታው መሻገሪያ አጣ፤ እዚያው ቆመ። ሁሉንም ሳይከትቡ መንገዱን በመዝጋት ብቻ አሸነፉት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣቸዋል። ይህ ሁሉ እየተደረገ የየመንደሩ ውሾችም በየዓመቱ ይከተባሉ። ምክንያቱም በሽታው ተደብቆ የሚኖረው በውሻው ውስጥ ነው፤ ከውሻው ካልጠፋ ከቀበሮዋም ከልጁም አይጠፋም።

ወገኖቼ፣ የትረካዬ እምብርት ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከ100 ውስጥ 99ኙን የሚያሲዘው ውሻ ነው። በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞታል፤ ከ100 ሟቾች ከ95 የሚበልጡት በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው። ከተነከሱት መካከል ከ100 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ደግሞም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሻገርበት ያጣል፤ በባሌ እንዳጣው ማለት ነው። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾቿን ያለ ክፍያ በዘመቻ ከተበች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ በማጥፋት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆና የምስክር ወረቀት ተቀበለች።

«ውሾቹን መግደል አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። በመርዝ ሥጋ ውሻ መጨረስ በብዙ ከተሞች ተሞክሯል። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ምግቡ እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። የተከተበው ውሻ ሲሞት ደግሞ በሽታውን የሚያስቆመውም አብሮ ይሞታል። መርዙንም ልጅ ያገኘዋል፣ ከብት ይበላዋል፣ ጥንብ አንሣም ይሞትበታል። ቆሻሻችንን በወጉ መሰብሰብና ውሾቹን መከተብ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንግባ። በየከተማው ማለዳ ላይ አህያ የሚጭነው፣ ላም የታመመችበት፣ ዶሮ የሚያረባው፣ ውሻ ያሰረው ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ንግግር በየክሊኒኩ ይሰማል፦

«ልጄ፣ ይቺ ውሻ እኮ ከግቢ አትወጣም። ክትባት ምን ያደርግላታል?»

«እማማ፣ እሷ ባትወጣ ሌላው ይገባል። በር ተከፍቶ አያድርም? በአጥሩ ሥር ድመት አይገባም?»

«መግባቱስ ይገባል።»

«እንግዲያው በዓመት አንዴ ያምጧት። ይቺን ካርድ ያስቀምጡልኝ፤ ቀኑን ጽፌበታለሁ።»

«ቡችሎቿስ? ገና ጡት ላይ ናቸው።»

«እነሱንም ያምጧቸው እማማ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አቅፈው የሚውሉት እነሱን አይደለም?»

የሐኪሙ መልስ ትክክል ነው። ቡችላ ብዙውን ጊዜ በ3 ወሩ ይከተባል፤ በዘመቻ ጊዜ ግን ከዚያ ያነሱትንም መተው አይገባም፤ ምክንያቱም ልጅ ከሁሉ የሚቀርበው ቡችላውን ነው። የሚቀጥለውን ጊዜ ሐኪሙ ይነግራችኋል፤ በአገራችን የተለመደው በየዓመቱ ነው። ድመትም ይከተባል። በፓስተር ዘመን ብዙ መርፌና ብዙ ጥንቸል ይፈልግ የነበረው ነገር ዛሬ አንድ መርፌ ሆኗል። እነሆ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይህ ነው፤ እሱ የተመኘውና ያልቻለው ዛሬ በእጃችን አለ።

የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁትን ደግሞ ስሙ። ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፤ ሁሉም አይናከስም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ ከንክሻ አያንስም፤ በተጫረ ጣት ላይ ምራቅ መፍሰስ ይበቃል። መዋጥ ያቃታትን ላም፣ የሚያገሣውንና ምራቁ የሚዝረበረበውን በሬ፣ አህያውንም ቢሆን በባዶ እጅ አፉን አትክፈቱ። ጸባዩ ድንገት የተለወጠ እንስሳ፣ ገር የነበረው የተቆጣ፣ ቁጡ የነበረው የፈዘዘ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሰው ከተነከሰስ? ከሁሉ በፊት ውሃና ሳሙና። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ቢሆንም አታቁሙ። ሳሙና የቫይረሱን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ገና ነርቭ ሳያገኝ ብዙው ይሞታል። በርበሬ፣ ቡና፣ አመድ፣ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ። አዮዲን ካለ ይደረግ። ከዚያ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪሙ ክትባት ያዛል፤ ንክሻው ቆዳ የበሳ ከሆነ፣ ይልቁንም ጭንቅላትና ፊት ላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሌላ መድኃኒትም ያስፈልጋል። ቀጠሮውን እስከ መጨረሻው ፈጽሙ፤ «ተሻለኝ» ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

የነከሰውንስ ውሻ? ሰው ቶሎ ዱላ ያነሣል። ውሻውን በደኅና መያዝ ከተቻለ አትግደሉት፤ አስራችሁ፣ ምግብና ውሃ እየሰጣችሁ፣ ሐኪም እያየው ለ10 ቀን ተመልከቱት። በነከሰ ጊዜ ቫይረሱ በምራቁ ከነበረ በነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈም። የልጁ ሕክምና ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመር። ውሻው ቢሞት ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ ላቦራቶሪ ያስመረምረዋል። እናንተ ጭንቅላቱን አትክፈቱ።

እዚህ ላይ እናቶችና አባቶች ልለምናችሁ። ብዙ ልጅ ሲነከስ ይደብቃል። «ውሻውን ነካካህ» ተብሎ እንዳይገረፍ ፈርቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሁለት ወር አልፎ ውሃ መጠጣት ሲያቅተው ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ውሻ ቢነክስህ፣ ቢቧጭርህ፣ ቁስልህን ቢልስህ ሮጠህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም። ይህችን አንዲት ቃል ማለት ነፍስ ያድናል። ደግሞም አስተምሯቸው፤ የሚበላ ውሻ አይነካ፣ ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ አትቀረብ፣ ያልታወቀ ውሻ ሲመጣ ሮጦ መሸሽ ሳይሆን ቆሞ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ ማሳለፍ።

ስለ ውሻ አያያዝ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርላችሁ፤ ሁሉም ዞሮ ሰው ጤና ላይ ይመጣል። ለገና ለፋሲካ በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። በእብጠቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በልጅ እጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል፤ ሰው ጉበት ውስጥም ያው እብጠት ይበቅላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻውን በየጊዜው የትል መድኃኒት ስጡት፤ መጠኑን ሐኪም በክብደቱ ይወስናል።

በጾም ወራት ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ውሻ ይራባል። የተራበ ውሻ አጥር ዘሎ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ይሄዳል፤ እዚያ ካልተከተቡት ጋር ይናከሳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እንዲጮኽልን የምንፈልገውን ልናበላው ይገባል። ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ እህል፣ እንጀራ፣ ንጹሕ ውሃ በየቀኑ ይሰጠው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳሉ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ቁጡ ይሆናል፤ ቁጣውንም በመጀመሪያ ያገኘው ልጅ ላይ ይወጣዋል። ቡችሎች ወልዳ ሰፈር ላይ የምትጥል ውሻ ካለችም ስለ ማምከን ሐኪሙን አማክሩ፤ የተጣለ ቡችላ የነገ ያልተከተበ ውሻ ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ የውሻ ክትባት ለተነከሰ ሰው ከሚያስፈልገው ሕክምና ጋር ሲተያይ ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። ያ አባት 14 ቀን ከተማ ያደረበት፣ ከብቱን የሸጠበት ድካም ሁሉ፣ ውሻው በጊዜው ቢከተብ አያስፈልግም ነበር።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1895 ሞተ። ያ ቀን ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ዓለም በ2030 እ.ኤ.አ. በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት አንድም ሰው እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። ግቡን የሚያደርሰው የትልቅ አዳራሽ ስብሰባ ብቻ አይደለም፤ ከ10 ውሻ 7ቱ በየሰፈሩ መከተባቸው ነው። እናንተ ሰፈር ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ካርድ አለው? ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ የዕድር ሊቀመንበሩን ጠይቁ፤ ቀበሌውን ጠይቁ። ዕድር ለቀብር ድንኳን የሚተክል ከሆነ፣ ቀብሩ እንዳይመጣ ለአንድ ቀን የክትባት ሐኪም መጥራት ያቅተዋል? አያቅተውም።

ስለዚህ የመጪው መስቀል በዓል ባለፈ ማግስት፣ ውሻችሁን ይዛችሁ ወደ ቅርባችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ዘመቻ ካለ ከዘመቻው፣ ከሌለ ከክሊኒኩ አስከትቡ። ጌታ የሌላትን የመንገድ ውሻ የሚመግብ ሰው ካለ እሷንም ያስከትብ። ካርዱን በልጆቻችሁ የክትባት ካርድ አጠገብ አስቀምጡት፤ ቦታው እዚያው ነው።